ሽማግሌው ጎርሷል

ጠጋኙን የሚያናድደው አንድ ቃል ነው፤ "ታማኝ" የሚለው። ደንበኛ በሩን ገፍቶ ይገባና ጠመንጃውን ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ "ይሄ እኮ ታማኝ ነው፤ አንድ ቀን ከድቶኝ አያውቅም" ሲለው፣ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ "ታዲያ ምን ሊያደርግ መጣ? ሊጠይቀኝ?" ይለዋል። ከዚያ የዘወትር ንግግሩ ይቀጥላል። መሣሪያ አይታመንም፣ ይታመማል እንጂ፤ ታማኝ የሚባለው በሽታው ገና ያልታወቀለት ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህንኑ ሲደጋግም ስለኖረ፣ ሚስቱ ከጓዳ ሆና በከንፈሯ አብራው ትጨርሰዋለች።

ክርክሩ የሚጦፈው በእነዚያ ባለ እጀታ አሮጌ ጠመንጃዎች ነው። ከምላጩ ሥር ያለውን እጀታ ወደ ታች ገፍተው ወደ ላይ ሲመልሱት፣ የተተኮሰውን ቀለህ ተፍቶ አዲሱን ጥይት ይጎርሳል። ወዳጆቻቸው አቧራ ቢበላቸው፣ ዝናብ ቢወርድባቸው፣ ሥራ አያቆሙም ብለው ይምሉባቸዋል። ጠጋኙ ግን ሆዳቸውን ከፍቶ ያውቃቸዋል። እጀታውን ፈራ ተባ እያለ የገፋ ሰው ጥይቱ መንገድ ላይ ይቀርበታል። መንጠቆው ካረጀ ቀለሁን አይጎትትም። ከሁሉ የሚፈራው ደግሞ መዶሻውን ነው። ለእነዚህ አሮጌዎች ሌላ መቆለፊያ አልተሠራላቸውም፤ ጥይት ጎርሰው ሲቀመጡ መዶሻው ግማሽ መንገድ ላይ አንዲት ሚጢጢ ጥርስ ይዛው ይቆማል። ያቺ ጥርስ ካለቀች ግን መዶሻውን ኳ የሚያደርገው ማንኛውም ነገር ጥይቱን ሊያፈነዳው ይችላል።

ስለዚህ በጠጋኙ ቤት "ጎርሷል!" ማለት "እሳት ተነሳ!" እንደ ማለት ነው። ቃሉ የተጠራ እንደሆነ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ፣ ድስት የያዘችው ሚስቱም ሳትቀር፣ ከአፈሙዙ ፊት ገለል ይላል።

እዚህ ላይ ስለ ሁለቱ ሽማግሌዎች መናገር ያስፈልጋል። አንደኛው የጠጋኙ አባት ናቸው፤ ዕድሜያቸውን የፈጁት የዱር እንስሳት ፓርክ ሲጠብቁ ነው። ሁለተኛው በዚያ ሁሉ ዘመን ትከሻቸው ላይ የኖረው ባለ እጀታ ጠመንጃ ነው። ጡረታ ሲወጡ ሥራውንም ጠመንጃውንም ለታላቅ ልጃቸው አስረከቡ፤ "ከእኔ ጋር ያረጀ እሱ ብቻ ነው፤ ሽማግሌውን አደራ" አሉ፤ ስሙም በዚያው ጸደቀ። ቤተሰቡ ሁለቱን የሚለያቸው በአንቱታ ነው። "ሽማግሌው ተኙ" ከተባለ አባትየው ናቸው፤ "ሽማግሌው ተኛ" ከተባለ ጠመንጃው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል ማለት ነው። በዚህ የተሳሳተ የቤቱ ሰው የለም።

አሁን አባትየው ጠጋኙ ቤት፣ ከመሥሪያ ክፍሉ ግድግዳ ወዲያ ባለችው ክፍል ውስጥ ተኝተዋል። እህል በአፋቸው ካልዞረ አራት ቀናቸው ነው። የጠጋኙ ሚስት ሾርባ ብትል፣ ወተት ብትል፣ በማንኪያ ብትል በሲኒ፣ ከንፈራቸውን ግጥም አድርገው ወደ ግድግዳው ይዞራሉ። ሐኪሙም መጥቶ አይቶ፣ ለመዋጥ የሚረዳ ሽሮፕ ጽፎ፣ ራሱን ነቅንቆ ሄደ። ጠጋኙ የማይጠግነው ነገር ሲገጥመው ይበሳጫል፤ አሁን ግን መበሳጨትም አልቻለም።

ታላቅ ወንድሙ አባታቸውን ሊጠይቅ የመጣው ከትናንት ወዲያ ነበር። ሽማግሌውንም ይዞት መጣ። "ቀለህ አልተፋም እያለ አስቸገረኝ" አለና፣ ለመሞከሪያ እንዲሆን አምስት ጥይት አብሮ ሰጠው።

ዛሬ ጠዋት ጠጋኙ አዲሱን መንጠቆ ገጠመ። ባሩድ በሌላቸው የመሞከሪያ ጥይቶች ሲያየው እጀታው ይወርዳል፣ ይወጣል፣ ይጎርሳል፣ ይተፋል፤ እንከን የለውም። ነገር ግን ጥፋቱ ከወንድሙ ጥይቶች ቢሆንስ ብሎ፣ አፈሙዙን ወደ አሸዋው ጆንያ አዙሮ ከአምስቱ አንዱን ከተተና እጀታውን ገፍቶ መለሰ። ጥርት አድርጎ ጎረሰ። እንደ ልማዱ መዶሻውን በአውራ ጣቱ ይዞ ቀስ አድርጎ ግማሽ መንገድ ላይ አሳረፈው፤ በዚያው ቅጽበት ጥርሷ ማለቋን ጣቱ ነገረው። "ይቺንም እሠራታለሁ" አለ ለራሱ።

ይህን ብሎ አፉን ሳይዘጋ ከግድግዳው ወዲያ የትንታ ድምፅ ሰማ። ውሃ አባትየውን አንቋቸዋል። ሮጦ ገባ፤ ቀና አደረጋቸው፣ ጀርባቸውን ደበደበ፤ ፊታቸው ጠቁሮ ጠቁሮ ተመለሰ። ሽሮፑ አልቆ ነበርና በመሥሪያ ሽርጡ እንዳለ ወደ መድኃኒት ቤት ከነፈ። ሠላሳ ዓመት ረስቶት የማያውቀውን ነገር ጠረጴዛው ላይ ረስቶት ሄደ።

መድኃኒቱን ሦስተኛው መድኃኒት ቤት አግኝቶ ረፋድ ላይ ሲመለስ ጠረጴዛው ባዶ ነው።

"ጠመንጃውስ?" አለ።

"ጋሼ ወሰደው" አለች ሚስቱ ማንኪያ እያጠበች። "መኪናው ሊነሳ ነው ብሎ እየሮጠ ገባ። አባባን ግንባራቸውን ስሞ፣ እሱን በአንሶላ ጠቅልዬለት ሄደ። አልቋል ስትል አልነበር እንዴ ጠዋት?"

"መንጠቆው አለቀ አልኩ እንጂ!"

"እኔ መንጠቆና መዶሻ ለይቼ ላውቅልህ ነው? ሠራሁት ያልክ መስሎኝ ሰጠሁ።"

እውነቷን ነው፤ ስለዚህ ይበልጥ ተናደደ። ጥይቶቹ ያሉበትን ቆርቆሮ ሳበና አየ። አራት ናቸው። በእንብርክኩ ጠረጴዛው ሥር ገባ፤ ከጆንያው ኋላ አየ፣ መሳቢያ ገለበጠ፤ አራት ናቸው። አምስተኛው የት እንዳለ እጁ ያውቀው ነበር፤ ዓይኑ ነው እሺ ያላለው።

ወንድሙ ከፍቶ ያየው ይሆን? አያየውም። ሌላ ሰው የሰጠውን መሣሪያ ሦስት ጊዜ ከፍቶ የሚያይ ሰው፣ ከጠጋኙ እጅ የወጣውን ግን ከፍቶ ማየት ወንድሙን እንደ መስደብ ይቆጥረዋል። ጥይት ሲሞላም በጎን ባለችው ቀዳዳ ነው የሚሞላው፤ እጀታውን አይነካም። በዚያ ላይ ያ አመሉ አለ። ቆሞ ሲያወራም፣ መኪና ላይ ሲቀመጥም፣ ሰደፉን መሬት ያስነካና ሁለት መዳፉን አፈሙዙ ላይ ደራርቦ አገጩን ያስደግፍበታል። ከአባታቸው የወረሰው ነው። ጠጋኙ ስንት ጊዜ "ጋሼ፣ ይሄ ከዘራ አይደለም" ቢለው፣ ወንድሙ "ባዶ ነው፤ ደግሞ ከድቶን ያውቃል?" እያለ ይስቃል።

ስልክ ደወለ። አይሠራም። ከድልድዩ ወዲያ ኔትወርክ የለም፤ ወንድሙም እስካሁን ድልድዩን አልፏል። አሥር ጊዜ ደወለ፤ ያቺው ድምፅዋ የተቀዳ ሴትዮ አሥር ጊዜ ያንኑ መለሰችለት። በመጨረሻ የፓርኩን ዋና ቢሮ አገኘ። እዚያ ጠባቂዎቹን በየጣቢያቸው በሬዲዮ የምታገኝ ሠራተኛ አለች። ከክሊኒክ ካርድ ክፍል የተዛወረች፣ ትሑት፣ ሰው አክባሪ ሴት ናት። ወንድሙ ከትናንት ወዲያ ፈቃድ ሲጠይቅ የአባቱን ነገር ነግሯታልና፣ ጠጋኙ ማንነቱን ገና ሲነግራት "አባታችሁስ እንዴት ዋሉ?" አለችው።

"ደህና ናቸው። ስሚኝ እህቴ፣ ለወንድሜ አስቸኳይ መልእክት አለኝ።"

መስመሩ ይንሿሿል። እሱም ያለከልካል።

"አሁን የስድስት ሰዓቱ ጥሪ ደርሶብኛል፤ ባጭሩ ይንገሩኝ። ጣቢያ ሲደርሱ ወዲያው አስተላልፋለሁ።"

"ሽማግሌው ጎርሷል በይው!"

"ምን አሉኝ?"

"ሽማግሌው! ጎርሷል! ጎርሷል በይው፣ እሱ ይገባዋል! አደራሽን፣ መጀመሪያ ለእሱ!"

"እሺ እሺ፣ ሰምቻለሁ!" አለች። መስመሩ ተቆረጠ።

ጠጋኙ ወንበር ላይ ዘፍ አለ። ወንድሙ ይህችን ቃል ሲሰማ ምን እንደሚያደርግ በዓይኑ ታየው። ጠመንጃውን ወደ ሜዳ ያዞራል፣ እጀታውን ቀስ ብሎ ይገፋል፣ ጥይቱ ይወጣል፤ ከዚያ ማታ ኔትወርክ ካለበት ደውሎ አምርሮ ይሰድበዋል። ስድቡን እንደ ምርቃት ጠበቀው።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ መልሶ ደወለ።

"ነገርሽው?"

"ነገርኳቸው እንጂ! እንኳን ደስ ያላችሁ! እንባ በእንባ ሆኑ እኮ፤ በሬዲዮ ድምፃቸው ይሰማ ነበር።"

"እንባ? ጥይቱን አወጣው ወይ?"

"የምን ጥይት?"

ጠጋኙ ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮው አዛወረ። "እህቴ፣ ምን ብለሽ ነው የነገርሽው?"

"እንዳሉኝ ነዋ። እርግጥ እርስዎ በጥድፊያ 'ሽማግሌው ጎርሷል' ነው ያሉት። እኔ በሰው አባት ላይ እንዴት ብዬ እንደዚያ እላለሁ? ነውር ነው። አስተካክዬ 'አባትዎ ጎርሰዋል' አልኳቸው።"

ቤተሰቡ ይህን ሁሉ ዓመት ሁለቱን ሽማግሌዎች የለየባትን አንዲት ነገር፣ ይህች ጨዋ ሴት በጨዋነቷ አጠፋቻት። በማን ይፈርዳል? ስድ ብትሆን ኖሮ ወንድሙ ይተርፍ ነበር።

"ጠመንጃው ነው" አለ። "ጠመንጃችንን ነው ሽማግሌው የምንለው። ውስጡ ጥይት አለ፤ መዶሻው ደግሞ አያስተማምንም። እባክሽ ጥሪው።"

"ወይኔ" አለች። "ወይኔ ጉዴ። ሄደዋል እኮ! 'አባቴን ሲጎርሱ በዓይኔ ካላየሁ' ብለው፣ አለቃቸውን አስፈቅደው በአሸዋ መኪና ተሳፈሩ።"

"ስልኩን..."

"ጣቢያው ውስጥ ቻርጅ ላይ ትተውት ነው የሄዱት። ቆይ፣ ቆይ፣ የኬላውን ሰው ልጠይቅ።" ሬዲዮው ሲንሿሿ፣ እሷም ስትጮህ ተሰማው። ተመለሰች። "ካለፈ አሥር ደቂቃ ሆኖታል አለ። የሹፌሩንም ስልክ የሚያውቅ የለም። እኔ እኮ አክብሬ ነው... አባትዎን አክብሬ ነው፣ ወንድሜ።" ማልቀስ ጀመረች። ጠጋኙ "ምን ታደርጊ" ብሎ ዘጋው።

ፖሊስ ጋ ልደውል ብሎ ስልኩን አነሳ። ከዚያ አንድ የቸኮለ ፖሊስ ጠመንጃውን ከወንድሙ እጅ መንጭቆ ሲጥለው ታየውና መልሶ አስቀመጠው። መንገዱን ያውቀዋል። ጉድጓዱን አንድ በአንድ ያውቀዋል። የአሸዋ መኪና በዚያ ላይ እንዴት እንደሚዘል፣ አሸዋው ላይ የተቀመጠ ሰው የሚደገፈው ሲያጣ በምን እንደሚደገፍ ያውቃል። ሦስት ሰዓት ያህል መንገድ ነው። ሦስት ሰዓት ሙሉ ምን ማድረግ ይችላል? ምንም። ብረት ለእጁ የሚታዘዝለት ሰው፣ ሁለቱን እጆቹን ጭኑ ላይ አስቀምጦ አያቸው።

"አንተ" አሉ አባትየው ከወዲያ። ገባ። ዓይናቸው ተከፍቷል። "ሽማግሌውን ሠራኸው?"

"ሠራሁት፣ አባባ።"

"ጎበዝ። እሱ አያስቸግርም። እኔን ከድቶኝ አያውቅም።"

የጠጋኙ የሠላሳ ዓመት ንግግር አፉ ላይ ደርሶ ተመለሰ። "አዎ አባባ፣ ታማኝ ነው" አለ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃሏን ከአፉ አወጣት፤ የወጣችውም ለማታለያ ነው። ማንኪያውን አነሳና ወደ ከንፈራቸው አስጠጋ። "እስቲ አንዴ ይጉረሱልኝ። ስለ እኔ ብለው።" አሁን ቢጎርሱ ኖሮ የሴትዮዋ መልእክት እውነት ይሆን ነበር፤ አንዱ እንኳ ይቃና ነበር። አባትየው በርኅራኄ አዩት፤ ከንፈራቸውን ግጥም አድርገው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ከስምንት ሰዓት ጀምሮ መንገድ ዳር ቆመ። የጎረቤቱ ልብስ ሰፊ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንደጣለ ወጥቶ "ምነው፣ ትራፊክ ፖሊስ አደረጉህ እንዴ?" ብሎ ቀለደበት፤ ፊቱን ሲያይ ግን ቀልዱን ውጦ ገባ። አንድ የአሸዋ መኪና መጣ፤ ሰው የለበትም። ሁለተኛው ላይ ሁለት ሴቶች ነበሩ። በመካከሉ አንዱ ሞተር ብስክሌት ጭስ ማውጫው ሲፈነዳ ጠጋኙ ሆዱን ይዞ አጎነበሰ። ሚስቱ ወጥታ አጠገቡ ቆመች፤ የሽርጡን ጫፍ ይዛ ነበር።

ሦስተኛው መኪና ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መጣ። ወንድሙ አሸዋው ላይ ጉብ ብሏል፤ በአንሶላ የተጠቀለለው ነገር በጉልበቶቹ መሀል ቆሟል፤ አገጩም እላዩ ላይ ነው። በአንድ እጁ ብርቱካን የሞላ ፌስታል ይዟል። ጠጋኙን ሲያይ ፊቱ በራ፤ ከመኪናው ዘሎ ሊወርድ ተነሳ።

"አትዝለል!" ብሎ ጮኸ ጠጋኙ። "ጋሼ፣ በእግዚአብሔር ስም አትዝለል! እሱን መጀመሪያ አቀብለኝ!"

"አረጀህ ልትለኝ ነው?" ሳቀ ወንድሙ። ደግነቱ ታዘዘ። ጎንበስ ብሎ ጠመንጃውን አቀበለው፤ አፈሙዙን ወደ ታች፣ ሰደፉን ወደ ራሱ አድርጎ። አፈሙዙ የጠጋኙ ደረት ላይ አረፈ። ጠጋኙ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነፈሰ፤ ወደ ወንድሙ አለመዞሩ ብቻ በቃው። ወደ ጎን ቀልብሶ፣ እንደ አራስ ልጅ አቅፎ ወደ መሥሪያ ክፍሉ ገባ።

ወንድሙ አልተከተለውም። ዘሎ ወርዶ፣ የጠጋኙን ሚስት ጉንጭ ስሞ፣ "የት አሉ የኔ ጀግና!" እያለ ብርቱካኑን ይዞ በቀጥታ ወደ አባትየው ክፍል ገባ።

ጠጋኙ አንሶላውን ፈታ። አፈሙዙን አሸዋው ጆንያ ላይ አስደግፎ፣ መዶሻውን በአውራ ጣቱ ይዞ፣ እጀታውን ወደ ታች ገፋ። ጥይቱ ወጣ። አዲሱ መንጠቆ ጥርት አድርጎ አወጣው፤ ወንበሩ ሥር ወድቆ ተንከባለለ። አነሳው፣ ጨበጠው፤ መሬት ላይ ተቀመጠ። አለቀሰ፤ አላፈረም። ወንድሙ ቆሞ ሄዷል፣ ስቋል፣ ዘሎ ወርዷል፤ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

ከግድግዳው ወዲያ ድምፅ ይሰማል። "አባባ፣ ለእነሱ ጎርሰው ለእኔ ለታላቁ እምቢ? አድልዎ ነው እንዴ?" የወንድሙ ሳቅ ነው። ቀጥሎ "አንዲት ክፋይ ብቻ።" ቀጥሎ "እሺ ጭማቂውን።" ከዚያ ዝምታ። ያንን ዝምታ ጠጋኙ ለአራት ቀን ሰምቶታል። ሚስቱ በነጠላ ጫፍ አፏን ይዛ በበሩ አልፋ ወደ ጓዳ ሮጠች፤ መናገሩን ለእሱ ተወችለት።

ወንድሙ በሩ ላይ ቆመ። በጣቶቹ መሀል የተላጠች የብርቱካን ክፋይ አለች፤ ጭማቂዋ እጅጌው ላይ ይንጠባጠባል። ፈገግታው ከፊቱ ገና አልጠፋም።

"እምቢ አሉኝ እኮ" አለ። "ጠዋት በምን ነበር ያጎረሳችኋቸው? ንገረኝ፤ እኔም በዚያው ልሞክር።"

ጠጋኙ ጥይቱን የጨበጠበትን እጁን ዘረጋ።

ወንድሙ ጥይቱን አየ። ተከፍቶ የተቀመጠውን ጠመንጃ አየ። እንደገና ጥይቱን አየ። ዕድሜውን መሣሪያ ይዞ የኖረ ሰው ነውና ማስረዳት አላስፈለገም።

"እሱ ነው የጎረሰው?"

"እሱ ነው፣ ጋሼ።"

"እሳቸውስ?"

"እሳቸው ምንም።"

ወንድሙ ከሞት መትረፉን ያሰበውም አይመስልም። "በየመንገዱ ለሰው ሁሉ እኮ ነገርኩ" አለ፤ የብርቱካኗን ክፋይ የት እንደሚያስቀምጣት ጠፍቶት፣ በእጁ እንደያዘ ቆመ።